ድምፄ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ማጀቢያ ድምፁም እንደተለጠፈ ያስታውቃል

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ልጆቼ ጋር በወረቀት አሻንጉሊቶች አጫጭር ተረቶች እየሠራን በስልክ እንቀርጻለን። ሥዕሉ ምንም አይልም፤ ድምፁ ግን አሳፋሪ ነው። ስልኩን ሁለት ሜትር ያህል አርቄ በማቆሚያ አቆምና እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኜ እተርካለሁ። ሲደመጥ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ የምናገር ይመስላል፤ ዝም ስል ደግሞ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ያይላል። ከኢንተርኔት ያወረድኳቸውን የፈረስ ኮቴ፣ የበር ሲጥሲጥታና ነጎድጓድ ስጨምርበት ወይ ንግግሬን ይውጡታል፣ ወይ ለብቻቸው ተገትረው ይቀራሉ። ጫጫታ የሚያጠፋ ፕሮግራም ብሞክር ድምፄ ውኃ ውስጥ የገባ መሰለ። ማይክሮፎንም ገዝቼ ነበር፤ ስልኬ ላይ ስሰካው ግን አንዳች ለውጥ አላመጣም። ከየት ልጀምር?

የሬዲዮ ሰው፦
እህቴ፣ ማጥፊያውን ፕሮግራም ለጊዜው ይርሱት። ጥፋቱ ያለው ሁለቱ ሜትር ላይ ነው። ማይክሮፎኑ ከአፍ የሚርቅበት መጠን እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚደርሰው ንግግር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል፤ ከ2 ሜትር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ከተጠጉ 20 ዴሲቤል አተረፉ ማለት ነው። ከግድግዳ እየነጠረ የሚመለሰው ድምፅና የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ግን ባሉበት ይቀራሉ። ዝም ሲሉ ጉርምርምታው የሚያይለው ስልኩ የድምፁን መጠን በራሱ ስለሚያስተካክል ነው፤ ንግግር ሲያጣ ጆሮውን ይከፍትና ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል።

ደግሞስ ለምን ከጠረጴዛው ጀርባ ይተርካሉ? የወረቀት አሻንጉሊት ከንፈር የለውም! ትረካውን አስቀድመው ለብቻው ይቅረጹት፤ ከዚያ እርሱን እያሰሙ አሻንጉሊቶቹን ያንቀሳቅሱ። የካርቱን ፊልም ሠሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሱት ንግግሩ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ነው። ልብስ የታጨቀበትን ቁም ሣጥን ከፍተው ፊትዎን ወደ ልብሱ ያዙሩ፤ ከጀርባዎ ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ የሚልዎት ካለ አይስሙት፤ ስስና ቀላል ስለሆነ የንግግርን ድምፅ እምብዛም አይውጥም። ስልኩን ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ ትንሽ ወደ ጎን ይያዙት፤ አለዚያ «ፐ» እና «ጰ» ባሉ ቁጥር ትንፋሽዎ ማይክሮፎኑን ይመታዋል። መቅረጫው የመጠን መለኪያ ካለው ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (ከመለኪያው ጣሪያ) በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ባለው መካከል ይዋል። ዜሮ ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ ከዚያ ወዲያ ቢታከምም አይድንም።

ሽቦ ፈቺ፦
እኔ ስለ ማይክሮፎኑ ብቻ ልናገር። መሰኪያው ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ይቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ ለካሜራ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፤ የጆሮ ማዳመጫንና ማይክሮፎንን በአንድ ቀዳዳ የሚቀበል ስልክ ሦስት ቀለበት ያለው ይፈልጋል። ስልኩ ማይክሮፎኑን ሳያውቀው በራሱ ሲቀርጽ ኖሯል ማለት ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር አጭር ገመድ ስላለ ማይክሮፎኑን አይጣሉት። ለማረጋገጥ እየቀረጹ የማይክሮፎኑን ጫፍ በጥፍርዎ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት፤ ከዚያ የስልኩን ግርጌ። መልሰው ሲያዳምጡ የሚጮኸው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ጆሮ ጠቢ፦
የሬዲዮ ሰው ያለው እውነት ነው፤ ግን ማጥፊያው ፕሮግራም እንዲህ አይወገዝ። ድምፅዎ ውኃ ውስጥ የገባ የመሰለው መጠኑን ስላበዙት ነው። ኦዳሲቲ የተባለውን የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በነፃ ያገኙታል። መጀመሪያ ከ80 ኸርዝ (በሰከንድ 80 ንዝረት) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በማጣሪያ ይቁረጡ፤ የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ መነሻው 50 ወይም 60 ኸርዝ ሲሆን የሴት ንግግር ግን እዚያ ድረስ አይወርድም። ቀጥለው ማንም ያልተናገረበትን ጥቂት ሰከንድ መርጠው ለጫጫታው ናሙና ያስይዙትና ከሙሉው ቅጂ ላይ ጫጫታውን በ6 ዴሲቤል ብቻ ይቀንሱ። የሚቀር ጉርምርምታ ይኖራል፤ ይቅር። ከታመመ ድምፅ ይሻላል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ማቀዝቀዣውን መንቀል ነው። መልሶ መሰካት ስለሚረሳ እኔ የቤቴን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሳልሰካው ከቤት መውጣት አልችልም። ትረካው ሲያልቅ ደግሞ 30 ሰከንድ ትንፍሽ ሳይሉ ባዶውን ክፍል ይቅረጹ። ንግግር ቆርጠው ባወጡበት ቦታ ያንን ያስገቡበታል፤ ፍጹም ጸጥታ ከገባ አድማጩ ድምፁ የተቋረጠ ይመስለዋል።

ኮቴ፦
እኔን የሳበኝ ማጀቢያው ነው። የወረዱት ድምፆች የሚለጠፉት እያንዳንዱ ሌላ ቦታ ስለተቀረጸ ነው፤ ኮቴው ሜዳ ላይ፣ በሩ አዳራሽ ውስጥ፣ የእርስዎ ድምፅ ቁም ሣጥን ሥር። ጆሮ ክፍልን ይለያል። ስለዚህ የቻሉትን ራስዎ ይሥሩ። በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ጃክ ፎሊ ፊልሙን እያየ የተዋናዮቹን እርምጃ በራሱ እግር ይረግጥ ነበር፤ ሙያው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ለኮቴ ለሁለት የተከፈለ የኮኮናት ቅርፊት፣ ከሌለም ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ ጨርቅ በለበሰ ሰሌዳ ላይ። ለወፍ ክንፍ የቆዳ ጓንት ማርገብገብ። ለነጎድጓድ ስስ ቆርቆሮ ከዳሩ ይዞ ማወዛወዝ፤ ይህን ለልጆቹ ይተዉላቸው፣ ከእርስዎ ይበልጡበታል።

ሲያቀናብሩ እያንዳንዱን ድምፅ በየራሱ መስመር ላይ ያኑሩና ከንግግሩ ሥር ከ12 እስከ 15 ዴሲቤል ያህል ያውርዱት፤ ከዚያ በጆሮዎ ያስተካክሉ። ኮቴው በዓረፍተ ነገሮች መካከል ይግባ እንጂ ቃል ላይ አይረግጥ። መግቢያውንና መውጫውን ቀስ እያለ እንዲነሣና እንዲጠፋ ያድርጉት። ከበር ወዲያ የሚሰማ ከሆነ ቀጭኑን የድምፅ ክፍል ይቀንሱ፤ ግድግዳ የሚያስቀረው እርሱን ነውና። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ከሥዕሉ ጋር እኩል ይውደቅ፤ ነጎድጓዱ ግን ከብልጭታው ይዘግይ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ እርስዎ ሁለት ሰከንድ ቢያዘገዩት እንኳ ማዕበሉ ሩቅ ይሆናል። በቀጣዩ ትዕይንት ግማሽ ሰከንድ ካደረጉት ዝናቡ ቤቱ ላይ ደርሷል።

ማውረድ ካለብዎት በአውሮፓውያኑ 2005 የተጀመረው ፍሪሳውንድ የተባለ የድምፆች ድረ ገጽ አለ። ግን የእያንዳንዱን ድምፅ ፈቃድ ያንብቡ፤ አንዱ ያለ ምንም ግዴታ ይወሰዳል፣ አንዱ የቀራጩን ስም መጥቀስ ይጠይቃል፣ አንዱ ደግሞ ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ አይፈቅድም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! መሰኪያው ሁለት ቀለበት ነው ያለው፤ ሽቦ ፈቺ ሳያየው አወቀው። ትረካውን ቁም ሣጥኑ ሥር በስልኩ ቀረጽኩት፣ የሰው ድምፅ ሆነ። ኮቴውን ትንሹ ልጄ በኩባያ ሠራው። አሁን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ሲጀምር ድምፁና ሥዕሉ ይገጥማሉ፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ ግን አሻንጉሊቱ ከኮቴው ወደ ኋላ ይቀራል።

ጆሮ ጠቢ፦
ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚያነሡት የሥዕል ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል፤ የማቀናበሪያ ፕሮግራሙ ደግሞ እኩል ነው ብሎ ይቆጥራል። ቪዲዮውን ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም አሳልፈው የሥዕሉን ፍጥነት ቋሚ ያድርጉት፤ የድምፁንም የናሙና ፍጥነት በ48,000 ኸርዝ ያስቀምጡ። ማቀናበሩን የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በተጀመረው ላይ ከለወጡ የቆረጡት ሁሉ ቦታውን ይስታል።

ጠያቂ፦
እንደተባለው እንደ አዲስ ጀመርኩት፤ እስከ መጨረሻው ገጠመ። የቤቴም ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር፤ ለማስታወስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።