የድርሰት ማስተማር ፕሮፖዛል፦ የመጀመሪያው ረቂቅ ይታረም ወይስ ይነበብ?

አስተባባሪ፦
ሰላም ባልደረቦች። የጋራ ፕሮፖዛላችን ሁለተኛ ረቂቅ ይኸውላችሁ። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ ተማሪ ለሚጽፈው የመጀመሪያ ረቂቅ ማርክ አይሰጥ። መምህሩ አንብቦ አስተያየት ይጻፍበት፣ ልጁ አሻሽሎ ይመልስ፣ ማርኩ ያን ጊዜ ይምጣ። «ፈጠራን ማበረታታት»፣ «በራስ መተማመንን ማጎልበት» የሚሉትን ከመግቢያው አውጥቻቸዋለሁ። የሚቃወማቸው የለም፤ ነገር ግን መምህሩ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አይነግሩትም። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።

የሰባተኛ ክፍል መምህርት፦
እኔ እደግፋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የልጆቹን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ አቀላው ነበር። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ሲያወራ ክፍሉን በሳቅ ይገድላል፣ ሲጽፍ ግን ከአራት መስመር አያልፍም። ለምን እንደሚያሳጥር ስጠይቀው «ሲያጥር ስሕተቱ ይቀንሳል» አለኝ። ልክ ነው እኮ! ሒሳቡን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል መምህር፦
ይቅርታ፣ እኔ አልተዋጠልኝም። ፈተና ላይ ሁለተኛ ረቂቅ የለም። ማርክ ከሌለው ደግሞ የሚጽፍልኝ አላገኝም፤ ተማሪዎቼን አውቃቸዋለሁ። ጊዜውንም አስሉት፦ 60 ተማሪ፣ ለአንዱ ወረቀት 5 ደቂቃ፣ 5 ሰዓት ሞላ። ሁለት ረቂቅ ሲሆን 10 ሰዓት። መቼ ልንተኛ ነው?

አስተባባሪ፦
ስለ ማርኩ፦ የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው ጥናት አለ። ለአንዱ ቡድን ውጤት ብቻ፣ ለሌላው አስተያየት ብቻ፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጠች። የተሻሻለው አስተያየት ብቻ ያገኘው ቡድን ነው። ሁለቱንም ያገኙት አልተጠቀሙም፤ ቁጥር ካለ ዐይን ቁጥሩ ላይ ይቀራል። የሰጠቻቸው ሥራ ድርሰት እንዳልነበር አልደብቅም። የጊዜው ነገር ግን እውነትዎን ነው፣ መፍትሔ ያስፈልገዋል።

ጡረታ የወጡ አባል፦
ልጆቼ፣ ጊዜ የሚበላው እርማቱ ነው። ሁሉንም ስሕተት ማን አርሙ አላችሁ? በአንድ ሳምንት ሥርዓተ ነጥብ ብቻ፣ በሌላው የአንቀጽ አከፋፈል ብቻ እዩ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጻፉና ተዉት። «ጥሩ ነው፣ በርታ» አትበሉ፤ «ሴትዮዋ በሩን ከዘጋች በኋላ ምን ሰማች?» በሉ። ልጁ ያን ሲያይ ታሪኩን ሰው እንዳነበበለት ያውቃል፣ መልሱንም ሳይጽፍ አያድርም።

ሌላም አለኝ። አሜሪካዊው የድርሰት መምህር ፒተር ኤልቦው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋውን ነጻ ጽሑፍ ጨምሩበት፦ 10 ደቂቃ፣ ሳይሰርዙ፣ እስክሪብቶ ሳያነሡ። መምህሩም አብሮ ይጻፍ። እኔ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ሰርዤ፣ አፍሬ አውቃለሁ፤ በዚያ ቀን እጅ ያወጡት ዓመቱን ሙሉ ዝም ያሉት ነበሩ።

የሰባተኛ ክፍል መምህርት፦
አባባ፣ ይህ ወርቅ ነው። አንድ ገደብ ይግባበት ግን፦ ነጻ ጽሑፉ አይሰበሰብ፣ ማንም ጮክ ብሎ እንዲያነብ አይገደድ። ዓይን አፋሯን ልጅ አስገድዶ ማስነበብ ድፍረት የሚሰጣት የሚመስላቸው አሉ። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 በራስ ችሎታ ማመን ከየት እንደሚመጣ ሲያስረዳ ቀዳሚውን ቦታ የሰጠው ሰው ራሱ ሞክሮ ለተሳካለት ነገር ነው፤ የማበረታቻ ቃል ኃይሉ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ልጅቷ በመጀመሪያው ረቂቋና በሁለተኛው መካከል ያለውን ልዩነት በዐይኗ ትይ። ሁለቱም በአንድ ማኅደር ይቀመጡ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል መምህር፦
ማኅደሩን ወድጄዋለሁ። በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የተለወጠውን አንቀጽ ብቻ ማንበብ ከተፈቀደልኝ በአንድ ክፍል ለአንድ ሴሚስተር እሞክራለሁ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በሰዓት የተገደበ፣ አንድ ረቂቅ ብቻ ያለው ጽሑፍ ይኑር፤ በዚህ አልደራደርም።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ፣ ሁለቱንም አስገብቻለሁ። ክፍት የቀረው አንድ ነጥብ ነው፦ ርእሰ መምህሩ በሴሚስተሩ አጋማሽ የማርክ መዝገቡን ሲጠይቅና ገጹ ባዶ ሲሆን ምን እናሳየዋለን? ማኅደሩን ይቀበላል የምትሉ ካላችሁ እንዴት እንደምናቀርብለት ጻፉልኝ።