ማጭበርበር ያጋለጠ ሰው ከሚመለሰው ገንዘብ ይካፈል?

ብሩክ (አወያይ)፦ ሰላም ቤቶች። እዚህ አሜሪካ «ፎልስ ክሌምስ አክት» የሚባለው የ1863 ሕግ፣ መንግሥት ሲጭበረበር ያየ ግለሰብ በመንግሥት ስም እንዲከስ ይፈቅዳል። መንግሥት ክሱን ከተረከበው ጠቋሚው ከሚመለሰው ገንዘብ ከ15 እስከ 25 በመቶ፣ ካልተረከበው ከ25 እስከ 30 በመቶ ያገኛል። በተማሪ ብድር ጉዳይ ኮሌጆችም አበዳሪዎችም በዚሁ ሕግ ተከሰዋል። ተገቢ ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ አይዋጥልኝም። እውነት ለመናገር ኮሚሽን አይከፈልም። ደግሞስ ድርሻው ከገንዘቡ ጋር የሚያድግ ከሆነ፣ ሰውየው ጉዱ እስኪያብጥ አድፍጦ ቢጠብቅስ?

ሔለን፦ ጋሼ፣ የጆን ኦበርግን ልንገርዎ። የትምህርት ሚኒስቴር ተመራማሪ ነበር። መንግሥት በድሮ ቦንዶች ገንዘብ ለተሰጡ የተማሪ ብድሮች ብቻ የገባውን የ9.5 በመቶ ገቢ ዋስትና፣ አበዳሪዎች ለአዳዲስ ብድሮች ሲያውሉት ደረሰበት። በ2003 ለአለቆቹ ቢያሳውቅ «ሥራህ አይደለም» ተባለ። ጡረታ ወጥቶ በ2007 ራሱ ከሰሰ፤ በ2010 ኔልኔት የሚባለው አበዳሪ ብቻውን፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ 55 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መጀመሪያማ በነጻ ተናግሮ ነበር፣ ማን ሰማው?

ሚኪ፦ ኦበርግ ጡረተኛ ነው፣ ማን ያባርረዋል? የሚያስፈራው በየቀኑ ስልክ ይዞ ተማሪ የሚያስመዘግበው ሠራተኛ ጣጣ ነው። የመንግሥት የተማሪ ብድር የሚያገኝ ኮሌጅ ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ጉርሻ መክፈል ከ1992 ጀምሮ ክልክል ነው። የፊኒክስ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ተከሶ በ2009 67.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ክሱን በ2003 የጀመሩት ግን ሁለት የምዝገባ ሠራተኞች ናቸው። ስድስት ዓመት! ሕጉ በበቀል የተባረረ ወደ ሥራው ይመለስ፣ ያጣው ደመወዝ እጥፍ ይከፈለው ይላል፤ መክሰሻው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ደስ ይላል። ግን ያ ሁሉ የሚመጣው ከተባረርክ በኋላ ነው፤ የቤት ኪራይ ደግሞ በየወሩ ነው። ክሱም መጀመሪያ በምስጢር ስለሚያዝ ለማንም አትተነፍስም። በቀጣሪ በኩል በሚገኘው የኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ያለ ሰውማ ሥራውን ካጣ፣ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይ ከአገር ለመውጣት ቢበዛ 60 ቀን ነው ያለው። ለእኔ ድርሻው የጥበቃው አካል እንጂ ሽልማት አይደለም።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሁን። ግን የተመለሰው ገንዘብ የሚገባው መንግሥት ካዝና ነው። የእህቴን ልጅ አንድ የግል ኮሌጅ «ሥራ እናስይዝሻለን» ብሎ አስመዘገባት፤ ሥራው የለም፣ ዕዳው አለ። ጠቋሚው ሚሊዮን ሲያፍስ እሷ ምን ደረሳት?

ሔለን፦ እሱስ እውነት ነው። የዕዳ ስረዛው በሌላ ማመልከቻ ነው የሚሄደው። ቢሆንም ከውስጥ ሰነድ የሚያወጣ ባይኖር ልጅቷ ምን ይዛ ታመለክታለች?

ብሩክ፦ በ2024 አንዲት የፍሎሪዳ ፌዴራል ዳኛ እንዲህ ያለው የግለሰብ ክስ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብላ ወስናለች፤ ይግባኝ ተብሎበታል። የጋሽ ታደሰ ወገን ዳኛ አግኝቷል ማለት ነው 😄

ሩት፦ እኔ ኮሌጅ ምዝገባ ክፍል ነው የምሠራው። የያዝኳቸው ኢሜይሎች አሉ። ወዴት ልበል?

ሚኪ፦ ሩትዬ፣ መጀመሪያ ይቺን መልእክት አጥፊያት። ቀድሞ የከሰሰ የሌላውን በር ይዘጋል፣ አለቃሽም እዚህ ግሩፕ ውስጥ ሰው ሊኖረው ይችላል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ጠበቃ አገናኝሻለሁ።