ጤፍ በመስመር ካልተዘራ ጥፋቱ የማን ነው?

ጠያቂ፦ «ጤፍን በመስመር ዝሩ» መባል ከጀመረ ከአስር ዓመት በላይ ሆነው። በብተና በሄክታር 30 ኪሎ ገደማ የሚፈጀው ዘር በመስመር 5 ኪሎ ይበቃዋል። ብዙው ገበሬ ግን አሁንም ይበትናል። ለምን?

የግብርና ባለሙያ፦ የአመለካከት ችግር ነው። በመስመር ሲዘራ አገዳው ይጠነክራል፣ ቶሎ አይጋሽብም፣ አረሙም በቀላሉ ይታረማል። «አባቴ ሲበትን ነው ያየሁት» የሚል ሰው ግን ምን ይደረጋል?

የቢቸና ልጅ (ምሥራቅ ጎጃም)፦ ወንድሜ፣ ሐምሌ ላይ መረሬ ውስጥ፣ በዚያ በሚያጣብቅ ጥቁር አፈር፣ ቆመህ ዘርተህ ታውቃለህ? እኛ ሞክረነዋል። የሃይላንድ ክዳን በሚስማር በሳን፣ ጤፉን ከአሸዋ ቀላቀልን፣ ገመድ ወጥረን ጎንበስ ብለን አንጠባጠብን። ክዳኑ በጭቃ ይደፈናል። በስንጥር ትከፍታለህ፣ አምስት እርምጃ ሳትሄድ እንደገና ይደፈናል። አባቴ ብቻውን በግማሽ ቀን የሚበትነውን ማሳ አምስት ሆነን ሁለት ቀን ፈጀን። እናቴና እህቴ ከዚያ መልስ ውሃ ቀድተው እንጀራ ጋገሩ። የእነሱን ጉልበት ማን ቆጠረው?

የሶሲዮሎጂ መምህርት፦ ቁንጮ የሚባለውን የጤፍ ዝርያ አስታውሱ። ዱከም የሚባለው ዝርያ ምርቱ ጥሩ ነበር፣ ገበያው ግን ነጭ ጤፍ ይፈልጋል። ከነጭ ዝርያ ጋር ተዳቅሎ ቁንጮ በ1998 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ይሄው «ለውጥ አይወድም» የምንለው ገበሬ ነው የተሻማበት። አሜሪካም ይሄ ታይቷል። ራያንና ግሮስ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጡት ጥናት፣ የአይዋ ገበሬዎች ድቅል በቆሎን መጀመሪያ በቁራሽ መሬት ሞክረው፣ ጎረቤት ጠይቀው ነው ቀስ በቀስ የተቀበሉት። ይሄ ማመዛዘን ነው። ኋላ ቀርነት ብሎ ስም መስጠት እኔን ያሳዝነኛል።

የግብርና ባለሙያ፦ የጉልበቱን ነገር አልክድም፣ እሱ ላይ ልክ ናችሁ። መፍትሔው መዝሪያ መሣሪያ ነው።

የቢቸና ልጅ፦ ይምጣ፣ ደስ ይለናል። ግን ከመሠራቱ በፊት ጠይቁን። መረሬ ሲይዘው ማን ያወጣዋል? እህቴ ብቻዋን ልትገፋው ትችላለች? ሲሰበር ቢቸና ላይ የሚበየድ ነው ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ይዘነው እንሂድ?