«ዶክተር» ሲሉኝ ልቤ ድንግጥ ይላል

ሰላም ወገኖች። ጅማ የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ግን አንድ ቀን አለማወቄ የሚታወቅብኝ ይመስለኛል።

የሕፃናት መድኃኒት በኪሎ አስልቼ አዛለሁ። ደግሜ አሰላለሁ፤ ትክክል ነው። ቤት ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ባለፈው ማታ በዚያ ዝናብ ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ፤ ካርዱን ለማየት ብቻ። ስህተት አልነበረውም። ተረኛዋ ነርስ «ዶክተር፣ ምነው በሰላም?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

እንዲህ እየቻሉ «አለማወቄ ይታወቅብኛል» ብሎ መፍራት ኢምፖስተር ሲንድሮም እንደሚባል፣ ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 እንደጻፉበት አንብቤያለሁ። ስሙን ማወቄ አላሳረፈኝም።

መጠንቀቁን መተው አልፈልግም፤ የሰው ነፍስ ነው። ግን ጥንቃቄው የት ላይ ይብቃ? ሲኒየሮቼን እንዳላማክር «ይሄንንም አያውቅም» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በዚህ ያለፋችሁ ሐኪሞች፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ለማን ነገራችሁ? ምን ብላችሁ ጀመራችሁ?