የመልስ ገጹ 5፣ 12 እና 13 ይላል፤ የእኛ ስሌት ግን √15 ሰጠን፤ የትኛው ነው ትክክል?

የተማሪዋ አባት
ልጄ ነገ ጠዋት በምታስረክበው የቤት ሥራ ውስጥ አንድ ጥያቄ አላሳልፍ ስላለን፣ የሚያውቅ ሰው ዛሬውኑ ቢመልስልን ውለታው ትልቅ ነው። ጥያቄው የአንድ ጎነ ሦስት ጎኖች ሀ፣ ሀ + 7 እና ሀ + 8 ሴንቲሜትር መሆናቸውን ይነግረንና በመጀመሪያ የጎኖቹን ርዝመት እንድንፈልግ፣ ቀጥሎም ወደ ረጅሙ ጎን የሚወርደውን ቀጤ ነክ (ጎኑን በ90 ዲግሪ የሚነካውን መስመር) እንድናሰላ ያዝዛል። እኛ የሠራነው እንዲህ ነው፦

ሀ² + (ሀ + 7)² = (ሀ + 8)²
ሀ² + ሀ² + 49 = ሀ² + 64
ሀ² = 15
ሀ = √15

የመጽሐፉ የመልስ ገጽ ግን 5፣ 12 እና 13 ይላል። ሥራችንን ደጋግመን አይተነዋል፤ እያንዳንዱ መስመር ከበላዩ ካለው መስመር የመጣ በመሆኑ የተሳሳተው የመልስ ገጹ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጄ ግን ማንን ተከትላ እንደምትጽፍ ግራ ገብቷታል።

ማስመሪያ
√15 ሴንቲሜትርን የሚያሳይ ማስመሪያ ያለው ሰው ካለ እባኩን ይጠቁመን፤ የእኔ ከ3 ወደ 4 ሲሄድ እዚያ ላይ አይቆምም።

ተጠራጣሪው
ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ጥያቄው በዚህ አቀራረቡ አንድ መልስ ብቻ ሊኖረው እንደማይችል ላስታውስ እወዳለሁ። የማንኛውም ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ድምር ከሦስተኛው ጎን መብለጥ ስላለበት፣ ሀ + (ሀ + 7) ከ ሀ + 8 ይበልጣል ማለት ሀ ከ1 ይበልጣል ማለት ብቻ ነው። እንግዲህ 2፣ 9 እና 10 ጎነ ሦስት ይሠራሉ፤ 6፣ 13 እና 14ም ይሠራሉ፤ የእርስዎ √15ም ሳይቀር ይሠራል። ቀጤ ማዕዘን ላለው ጎነ ሦስት ብቻ የሚሠራውን የፓይታጎረስን ቲዎረም ለመጠቀም ማን ፈቀደልዎ?

የተማሪዋ አባት
ቀጤ ማዕዘን እንዳለው በሥዕሉ ላይ በትንሽ ካሬ ምልክት ተመልክቷል፤ ትይዩ ያለው ጎንም ሀ + 8 ነው። ይህ ከስሌታችን የሚታወቅ መስሎኝ ነው ያልጻፍኩት። አሁንም ጊዜ እየሄደብን ነው።

ቀመር በቃሌ
የፓይታጎረስን ቲዎረም ይጠቀሙ። የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ካሬ ሲደመር የሀይፖቴነሱን (ከቀጤ ማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለውን ረጅም ጎን) ካሬ ይሰጣል።

ማስመሪያ
ጠያቂው የመጀመሪያው መስመር ላይ የጻፉት ይህንኑ አይደለምን?

ጠመኔ
ስህተቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ የመልስ ገጹ ምንም አልበደለም። (ሀ + 7)² ማለት (ሀ + 7) በ(ሀ + 7) ሲባዛ ስለሆነ ከሀ² እና ከ49 ሌላ 7ሀ ሁለት ጊዜ ይገኛል። ልጅዎ ይህን በዓይኗ እንድታየው ከፈለጉ በሀ ቦታ 1ን እንድታስገባ ያድርጉ፤ (1 + 7)² 64 ሲሆን 1 + 49 ግን 50 ነው። የጎደለው 14 በትክክል እናንተ የተዋችሁት 14ሀ ነው። ሥራው ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦

ሀ² + (ሀ² + 14ሀ + 49) = ሀ² + 16ሀ + 64
2ሀ² + 14ሀ + 49 = ሀ² + 16ሀ + 64
ሀ² − 2ሀ − 15 = 0
(ሀ − 5)(ሀ + 3) = 0

ከዚህ ሀ = 5 ወይም ሀ = −3 ይገኛል። ርዝመት ከዜሮ በታች ሊሆን ስለማይችል −3 ይወድቃል፤ ጎኖቹም 5፣ 12 እና 13 ይሆናሉ። 25 + 144 = 169 መሆኑን በመጨረሻው መስመር ላይ እንድታሰፍር ይንገሯት፤ ብዙ ተማሪዎች ማረጋገጫውን ትተው ነጥብ የሚያጡት እዚህ ላይ ነው።

ቀመር በቃሌ
ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። 3፣ 4፣ 5፤ 5፣ 12፣ 13፤ 8፣ 15፣ 17፤ 7፣ 24፣ 25 የሚሉትን በቃሏ ብትይዝ መልሱን በአንድ እይታ ታገኘዋለች።

ተጠራጣሪው
ፈታኙ 7ን እና 8ን በሌሎች ቁጥሮች ተክቶ መልሱ ሙሉ ቁጥር ያልሆነ ዕለት በቃል የተያዘው ዝርዝር ምን ሊረዳት ነው? ይልቅስ የጠያቂው √15 የት እንደሚወድቅ ብታየው ይጠቅማታል። በእርሱ መሠረት ጎኖቹ በግምት 3.87፣ 10.87 እና 11.87 ይሆናሉ፤ የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ካሬ ድምር 133 ገደማ ሲሆን የረጅሙ ካሬ 141 ገደማ ነው። ስለዚህ ጎነ ሦስቱ አለ፤ ነገር ግን ትልቁ ማዕዘኑ ዝርጥ፣ ማለትም ከ90 ዲግሪ የሚበልጥ ነው። ሀ ከ5 ሲያንስ ማዕዘኑ ዝርጥ፣ ከ5 ሲበልጥ ደግሞ ሹል ይሆናል፤ ቀጤ የሚሆነው 5 ላይ ብቻ ነው።

አንጋፋው
የዛሬ ልጆች (ሀ + 7)²ን ፊደል ብቻ አድርገው ስለሚያዩት ይስታሉ፤ ጥንታውያኑ ግን እንደ መሬት ያዩት ነበር። ጎኑ ሀ + 7 የሆነ ካሬ ሥሉና በአግድምና በቁመት ሀ ላይ ክፈሉት፤ አንድ ሀ²፣ ሁለት 7ሀ እና አንድ 49 ስፋት ያላቸው አራት ክፍሎች ታገኛላችሁ። ግሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፤ በ9ኛው መቶ ዘመን የሒሳብ ሊቁ አል-ኽዋሪዝሚም ዛሬ ሀ² + 10ሀ = 39 ብለን የምንጽፈውን ጥያቄ በዚሁ ዓይነት ሥዕል ነበር የፈታው። በሁለቱም ወገን 25 ጨምሮ ግራውን የሀ + 5 ካሬ፣ ቀኙን 64 አደረገው፤ ከዚያ ሀ + 5 = 8፣ ሀም 3 ሆነ። ዛሬ ጎኖቹን ሳይሥሉ ወደ ቀመር መሮጥ የተለመደው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ሥዕል ሳያዩ ያደጉ ተማሪዎች 14ሀን ቢረሱ አይገርምም። የእናንተንም ጥያቄ በዚሁ መንገድ መጨረስ ይቻላል፤ ሀ² − 2ሀ = 15 ላይ 1 ብትጨምሩ (ሀ − 1)² = 16 ይሆናል፤ ስለዚህ ሀ − 1 ወይ 4 ወይ −4 ነው።

ማስመሪያ
ነገ ጠዋት ለምታስረክብ ልጅ 2300 ዓመት ወደ ኋላ ተጉዞ መመለስ ሳይረዝምባት አይቀርም፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ግን ጥሩ ናት።

እርሳስ
አጭር መንገድም አለ። (ሀ + 7)²ን ወደ ቀኝ ብታሻግሩት ሀ² = (ሀ + 8)² − (ሀ + 7)² ይሆናል። የሁለት ቁጥሮች ካሬዎች ልዩነት የቁጥሮቹ ድምርና የቁጥሮቹ ልዩነት ብዜት ስለሆነ፣ የቁጥሮቹ ልዩነትም እዚህ 1 ስለሆነ፣ ወዲያው ሀ² = 2ሀ + 15 ትላላችሁ። ሁለቱንም ቅንፍ መዘርዘር ሳያስፈልግ ቀርቷልና የሚረሳ 14ሀም የለም።

ዕንቆቅልሽ
ስለዚያ ስለወደቀው −3 አንድ ነገር ልበል። በሦስቱ አገላለጾች ውስጥ ብናስገባው −3፣ 4 እና 5 ይሰጠናል፤ ምልክቱን ከተውነው የታወቀው 3፣ 4፣ 5 ነው። ድንገተኛ አይደለም። በሀ ቦታ −በ ብንጽፍ ጎኖቹ በ፣ 7 − በ እና 8 − በ ይሆናሉ፤ ይህም አጭሩ ጎን ከሌላው ጋር ሲደመር 7፣ ከሀይፖቴነሱ ጋር ሲደመር 8 የሚሆንበት ሌላ ጥያቄ ነው። እኩልዮሹ ያልተጠየቀውን ጥያቄም አብሮ መልሶልናል። በቤት ሥራው ላይ ግን −3 ውድቅ የተደረገበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይበቃል።

ጠመኔ
ሁለተኛውን ክፍል ሁላችንም ዘነጋነው። የጎነ ሦስቱን ስፋት በሁለት መንገድ ማስላት ነው። በሁለቱ አጫጭር ጎኖች ብንሄድ 5 × 12 ÷ 2 = 30 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ሀይፖቴነሱን እንደ መሠረት፣ የምንፈልገውን ቀጤ ነክ «ከ» ብለን ብንሄድ ደግሞ 13 × ከ ÷ 2 ያው 30 መሆን አለበት። ስለዚህ ከ = 60/13 ሴንቲሜትር ነው። ማረጋገጥ ከፈለገች፣ ቀጤ ነኩ ሀይፖቴነሱን 25/13 እና 144/13 አድርጎ ይከፍለዋል፤ ድምራቸው 13 ነው፣ ብዜታቸውም የ60/13 ካሬ ነው።

ቀመር በቃሌ
60/13 ብላ ትተወው ወይስ 4.6 ብላ ትጻፈው?

ጠመኔ
ጥያቄው በአስርዮሽ እንዲጻፍ ካላዘዘ 60/13 ብላ ትተወው፤ 4.6 ግምት ነው፤ በ13 ሲባዛም 60 ሳይሆን 59.8 ነው የሚሰጠው።