ለገና ሕፃናትን በምን ላጫውታቸው? የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ? ለገና ሁለት ልጆችን የማጫውተው እኔ ነኝ፣ ግን ዕድሜያቸው አልገጥም ብሎኝ በጣም ተቸግሬያለሁ። ትንሿ 2 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 5። የማገኛቸው የልደት ታሪክ መጻሕፍት ጽሑፍ ይበዛባቸዋል። ትልቁ ሰብአ ሰገል ምን ይዘው እንደመጡ እየጠየቀ ሲያዳምጥ ትንሿ ገጹን ለመቅደድ ትታገላለች። ለእሷ የምፈልገው ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነ፣ በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው፣ በጉንና አህያውን እየጠቆመች ድምፃቸውን የምታወጣበት ዓይነት ነው።

የእጅ ሥራው ደግሞ ይብሳል። ጥጥ እየበጣጠስን ወረቀት ላይ ለጥፈን በግ ሠራን፣ እሱን ሁለቱም ወደውታል። ዶቃና ትንንሽ ጌጣጌጥ ግን አልፈልግም፤ በዚህ ዕድሜ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፍ ነው፣ ቢያንቃትስ? መቀስም ገና አትችልም። ታዲያ ከበግና ከኮከብ ሌላ ምን አለ? ትልቁ የማይሰለቸው፣ ትንሿም ጣቷን ቀለም እየነከረች የምትሳተፍበት ነገር?

መዝሙር ካላችሁም አጭር፣ አዝማቹ የሚደጋገም፣ በጭብጨባና በእጅ እንቅስቃሴ የሚታጀብ ይሁንልኝ። ረጅሙን ስጀምርላቸው መሀል ላይ ጥለውኝ ይሮጣሉ። በልጆች ሞክራችሁ የሠራላችሁን ንገሩኝ፣ እባካችሁ።