በጅማ ያገለገለ የቤት መኪና ለመግዛት፦ ታክሱ፣ ስም ማዛወሩና ዓመታዊ ወጪው

የፈረንጅ አራዳዋ መምህርት

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋር ጅማ ውስጥ እንኖራለን፤ ሁለታችንም የመንግሥት ደመወዝተኞች ነን። በዕቁብና በባንክ ለዓመታት ያጠራቀምነውን ይዘን አንድ ያገለገለ ቪትዝ ለመግዛት በመነጋገር ላይ ነን። መኪናው የአዲስ አበባ ኮድ 2 ታርጋ ያለው ሲሆን ሻጩም የሚኖረው እዚያው ነው።

ግራ የገባኝ የመኪናው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ከዋጋው በላይ ለመንግሥት የሚከፈለው ምን ያህል እንደሆነ በትክክል የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አንዱ «ታክሱ ተከፍሎ አልቋል» ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ «ገና ብዙ ይጠብቃችኋል» ይላል። ደላላው በበኩሉ ስም ማዛወሩ ገንዘብና ጊዜ ከመጨረስ ሌላ ጥቅም እንደሌለው፣ ብዙ ሰው ውክልና ተቀብሎ እንደሚነዳ፣ ስም እናዛውር ካልንም በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ብንጽፍ እንደሚያዋጣን ደጋግሞ ነግሮናል። ባለቤቴ ወደዚህ ሐሳብ አዘንብሏል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። እንዲሁም ከገዛን በኋላ በየዓመቱ የሚመጣውን ወጪ በሁለት ደመወዝ እንችለው እንደሆነ አስቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አዌቱ ዳር

እኅታችን፣ ሁለቱም ሰዎች የነገሩዎት በከፊል እውነት ነው። በጉምሩክ ማስለቀቅ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ስለ መጀመሪያው ክፍል ልጻፍልዎ።

በአገራችን የመኪና ታክስ ትልቁ ድርሻ የሚከፈለው መኪናው ወደ አገር ሲገባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ታክሱ በዋጋው ውስጥ ተደብቆ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የአከፋፈሉ ጠባይ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ የሚሄድ መሆኑ ነው። የማስመጫ ዋጋው 1,000,000 ብር የሆነ፣ የሞተሩ ጉልበት ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ የሆነ አዲስ የቤንዚን መኪና እንውሰድና የጉምሩክ ቀረጡን 35 በመቶ ብለን እናስላ። ቀረጡ ሲደመር 1,350,000 ይሆናል፤ የ60 በመቶው ኤክሳይዝ ታክስ የሚሰላው በዚህ ድምር ላይ በመሆኑ ሒሳቡ ወደ 2,160,000 ያድጋል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 2,484,000፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጨመር 2,732,400 ብር ይደርሳል። በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን የ3 በመቶ ማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ገና አላካተትኩም። በአንጻሩ እስከ 1,300 ሲሲ ለሆነ አዲስ መኪና ኤክሳይዙ 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ስሌት ድምሩ ከ1,800,000 ብር በታች ይቀራል። ትንንሽ ሞተር ያላቸው መኪኖች ይህን ያህል የሚፈለጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ «መኪናው አርጅቶ ሳለ ዋጋው ለምን አልወረደም» ብለው ሳይገረሙ አይቀሩም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ የሚጣለው ታክስ በመኪናው ዕድሜ ልክ እየጨመረ እስከ 500 በመቶ ስለሚደርስ፣ እንደ ድሮው ያገለገለ ቪትዝ አስገብቶ መሸጥ የማያዋጣ ሆነ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የዶላር ዋጋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋውን ይዞ የቀረው ተተኪው ስለጠፋ ነው፤ እርስዎም በሚከፍሉት ዋጋ ውስጥ ይህን ሁሉ ታክስ በተዘዋዋሪ እየከፈሉ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ አለመሆኑን ያረጋግጡ። በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ወይም በሌላ መብት ያለ ቀረጥ የገባ መኪና፣ ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው ቢሸጥ፣ ያ ያልተከፈለ ታክስ በመጨረሻ ገዢውን ይዞ ይቀራል።

የሕግ ባለሙያ፣ ጅማ

ስለ ውክልናው ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ንብረታቸውን ያጡ ቤተሰቦችን በሥራዬ ምክንያት ስለማይ ነው።

በመጀመሪያ ደላላው «ታተርፋላችሁ» የሚላችሁ ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት የባለቤትነት ስም ሲዛወር የሚከፈለው ቴምብር የንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው። መኪናው 1,500,000 ብር ቢገመት ቴምብሩ 30,000 ብር ይሆናል፤ በዚህ ላይ የውል ማረጋገጫና የአገልግሎት ክፍያዎች ይጨመራሉ። ለደመወዝተኛ ቀላል ገንዘብ ነው አልልም። ነገር ግን ይህን ለማዳን ሲባል አደጋ ላይ የሚወድቀው 1,500,000ው ብር በሙሉ ነው።

ውክልና የያዘ ሰው በሌላ ሰው ንብረት የሚገለገል ወኪል እንጂ ባለቤት አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ሲሞትም ውክልናው ይቋረጣል፣ መኪናውም በስሙ ስላለ ከውርስ ንብረቱ ጋር ይቆጠራል። ሻጩ የባንክ ወይም የግብር ዕዳ ቢኖርበት፣ ባለገንዘቡም በባለዕዳው ስም የተመዘገበውን መኪና ፍርድ ቤት እንዲያግድለት ቢጠይቅ፣ መዝገቡ የሚያሳየው የሻጩን ስም ነው። ሻጩ ከትዳር ጓደኛው ጋር ቢፋታ መኪናው በንብረት ክፍፍል ውስጥ ሊገባ ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች ሁሉ እርስዎ «ገዝቼዋለሁ» ብለው ለዓመታት ሊከራከሩ ይገደዳሉ፤ ቢረቱ እንኳ መኪናው በዚያ ሁሉ ጊዜ ቆሞ ይጠብቅዎታል።

ሻጩም ቢሆን ከአደጋው አይድንም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ሌላ ሰው ይነዳው ስለነበር ብቻ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይወጣም። ይህን ለሻጩ ቢያስረዱት ስም ለማዛወር እሱ ራሱ የሚቸኩል ይመስለኛል።

ዝቅተኛ ዋጋ ስለ መጻፍ ደግሞ፣ ይህ ሕግ መጣስ መሆኑ ሳይረሳ፣ ጥቅሙም እንደሚወራው አይደለም። ግምቱን የሚሠራው አካል የራሱን የዋጋ መነሻ ስለሚጠቀም ቴምብሩ በውሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ብቻ አይወሰንም። በሌላ በኩል መኪናው የተሰረቀ ወይም የታገደ ሆኖ ተገኝቶ ውሉ ቢፈርስ፣ ገንዘብዎን ለማስመለስ የሚያቀርቡት ማስረጃ ያው ውል ነው፤ 1,500,000 ከፍለው 600,000 ብለው ከጻፉ የቀረውን በምን ያስረዳሉ?

ስለዚህ ሙሉ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን፣ በመኪናው ላይ የፍርድ ቤት ወይም የባንክ እግድ አለመኖሩን በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው በውሉ ላይ ይፈርም፤ ያላገባ ከሆነም የዚህን ማስረጃ ያቅርብ። ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረም፣ ገንዘቡም በእጅ ሳይሆን በባንክ ይተላለፍ።

የመርካቶ መካኒክ

ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድሞች ዋናውን ስላሉት እኔ ከገዙ በኋላ ስላለው ልናገር።

ለመንግሥት በየዓመቱ የሚከፈለው ከመግቢያው ታክስ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪናው በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይታደሳል፤ ለዚህም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን አስቀድሞ መገዛት አለበት። ይህ መድን መኪናዎ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ለራስዎ መኪና አይደለም፤ ለራስዎ ከፈለጉ ሙሉ ሽፋን መግባት ይኖርብዎታል፣ አረቦኑም (የመድን ክፍያው) በመኪናው ዋጋ ልክ ስለሚሰላ ቀላል አይሆንም። ለመንገድ ጥገና የሚሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ በየሊትሩ ነዳጅ ላይ ታክሎ ስለሚከፈል ሳይታወቅዎት ሲከፍሉ ይኖራሉ።

ኪስ የሚጎዳው ነዳጁና ጥገናው ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 በወጣው ተመን የቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል፣ ጅማ ላይ ደግሞ የማጓጓዣው ይታከልበታል። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የሚጠጣ መኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የአዲስ አበባ መንገድ ለመሄድ ብቻ ወደ 25 ሊትር ይፈልጋል፤ በዚያ የቀድሞ ዋጋ እንኳ ቢሰላ 2,500 ብር ያህል ነው። ከተማ ውስጥ ለትምህርት ቤትና ለገበያ ብቻ ከነዱት ግን ወጪው የሚቻል ነው።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ሲገቡ ጭቃውና ጉድጓዱ ሾክ፣ ጎማና የፍሬን ሸራ ቶሎ ይጨርሳል። የጊቤን ሸለቆ ወርዶ የሚወጣ አሮጌ መኪና ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ በደንብ ካልተያዘ ሞተሩ ይሞቅና የቴስታ ጓርኒሲዮን (የሞተር ክዳኑን ማሸጊያ) ያቃጥላል፤ ጋራዣችን በዚህ ምክንያት የሚመጡ መኪኖችን ያለማቋረጥ ይቀበላል። ሲገዙ የራስዎን መካኒክ ይዘው ይሂዱ፤ የራዲያተሩን ውሃ፣ የሞተር ዘይቱንና የካምቢዮውን ድምፅ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለም ሞቆም እንዲያይልዎ ያድርጉ። ምክሬ፣ ከደመወዛችሁ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ለመኪናው ብቻ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ያኔ መበደር አይኖርባችሁም።

የፈረንጅ አራዳዋ መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሕግ ባለሙያው የጻፉትን ለባለቤቴ አንብቤለት ውክልናውን ትተነዋል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፦ መኪናው ጅማ ስለሚውል የምዝገባ ፋይሉን ወደ ኦሮሚያ ማዘዋወር ግድ ነው ወይ? ባለቤቴ ደግሞ አሁን «ታክሱ እንዲህ ከሆነ ለምን የኤሌክትሪክ መኪና አንጠብቅም» ይላል።

አዌቱ ዳር

ስለ ፋይሉ፣ ነዋሪነታችሁ ጅማ እስከሆነ ድረስ ስሙ ሲዛወር ፋይሉም አብሮ ቢመጣ ይሻላል። የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት መኪናው ዕዳና እግድ እንደሌለበት አጣርቶ ፋይሉን ሲልክ፣ መኪናው እዚህ በስማችሁ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ለቦሎም ለሌላም ጉዳይ አዲስ አበባ መመላለስ ይቀርላችኋል። የትራፊክ ቅጣት ካለበት ፋይሉ ከመነሳቱ በፊት ሻጩ እንዲከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ።

የኤሌክትሪክ መኪና ነገር በጥንቃቄ ይታይ። የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው ማበረታቻ እነዚህ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲደረጉ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ በዚያ ማበረታቻ የታክስ ጫናው ልዩነት ሰፊ ነበር፣ የነዳጅ ሰልፍም የለበትም። ነገር ግን ጅማ ላይ ሊያስቡበት የሚገባው በቤታችሁ ያለው መስመር ለቻርጅ የሚበቃ መሆኑ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ድረስ በአንድ ቻርጅ መድረስ መቻሉ ነው። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ ሳታስለኩ ዋጋ አትነጋገሩ፤ ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ጉዟችሁ በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ከሆነና ቤታችሁ የራሱ ቆጣሪ ካለው፣ የባለቤትዎን ሐሳብ በቁም ነገር እንድታዩት እመክራለሁ፤ በተከራያችሁት ግቢ ውስጥ ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ግን ቪትዙን ብትገዙ ይሻላችኋል።